ሁለት መቶ አርባ የግራ ደረት

ሰርተፊኬት የምንለው ሰውዬ እናቱ ያወጣችለት የራሱ ስም አለው። በስሙ የምትጠራው ግን ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስታኮርፍ «ሰውዬ» ነው የምትለው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የእትዬን ልጅ ባገባ በዓመቱ የምርት ኃላፊ ተብሎ ፋብሪካችን ሲመጣ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ግድግዳው ላይ ሚስማር አስመትቶ በወርቃማ ፍሬም የታሰረች አንዲት ወረቀት ሰቀለ። ሰውዬው በዘመናዊ የልብስ አመራረት የስድስት ሳምንት ሥልጠና መውሰዱን ትመሰክራለች። ስድስት ሳምንት! በስድስት ሳምንት የተሰበረ እግር እንኳን በቅጡ አይገጥምም። እኔ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የተማርኩት መቀስ እንዴት እንደሚያዝ ነው፤ እሱንም ያለ ጠባሳ አልተማርኩትም።

እትዬ የፋብሪካው ባለቤት ናቸው። ፋብሪካ ስላችሁ ጭስ የሚተፋ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ረጅም አዳራሽ፣ ሠላሳ የስፌት መኪና፣ ዝናብ ሲመጣ ሥሩ ሦስት ባልዲ የምንደረድርለት ጣሪያ ነው። የሆቴል በረኛውን፣ የጥበቃውን፣ የነርሷን የደንብ ልብስ የምንሠራው እኛ ነን። እኔ ቆራጭ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን የመቁረጫ ክፍሉ ኃላፊ ትሆኛለሽ እየተባልኩ ነው የኖርኩት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሥራውን እሠራለሁ፣ ስሙ የለኝም፤ ሰፊዎቹም «የኛ ኃላፊ» እያሉ ያሾፉብኛል። ሰው መናቅ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እነሱ እኔ ከማውቃቸው ሰዎች ጋር ስላልዋሉ ነው።

የማልንቀው አንድ ሰው ነበር፤ ጋሼ ውሃልክ። ጨርቅ አንጣፊ ናቸው። አሥራ አራት ሜትር በሚረዝመው ጠረጴዛ ላይ ጣቃውን እየፈቱ፣ ንጣፍ በንጣፍ እየደራረቡ፣ ጠርዙን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሲያነጥፉ፣ ላዩ ላይ ውሃ ብታፈስበት ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ባለበት የሚቆም ይመስል ነበር። ስማቸውም ከዚያ መጣ። ጨርቁን ያናግሩታል። «ና እስቲ፣ ተኛ፣ አትኮማተርብኝ» ይሉታል፤ ሱፍ ከሆነ ደግሞ በእርስዎ ሊጠሩት ምንም አይቀራቸው። ቢላ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ከግቢው ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከሚስታቸው ጋር ይኖራሉ። ሟቹ የእትዬ ባል ቤቱን ሲሰጧቸው «በጥፋት ካልተሰናበተ በቀር እሱም ሚስቱም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይኑሩበት» ብለው ጽፈውላቸው ነበር። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር ቀርቷቸዋል።

እንግዲህ ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ያበራል፣ ጀርባው ይደበዝዛል። የኛ ወረቀት ላይ፣ ማለት ከጨርቁ ክምር በላይ ተዘርግቶ ቢላዬ መስመሩን የሚከተለው ወረቀት ላይ፣ ያለው የኮቱ ግራ ጎን ብቻ ነው። ሟቹ የጀመሩት አሠራር ነው፤ ቁጠባ ይወዱ ነበር። ስለዚህ ጋሼ አንዱን ንጣፍ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሚቀጥለውን ፊቱን ወደ ታች እያደረጉ፣ ጨርቁን ፊት ለፊት እያስተያዩ ነው የሚያነጥፉት። እንዲህ ከሆነ አንድ ጊዜ ሲቆረጥ ከአንዱ ንጣፍ ግራው፣ ከሌላው ቀኙ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው እኛ ክፍል መጥረጊያም አይዝም። ኃላፊ ግን ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የተበላሸው ሰኞ ዕለት ነው። ለአንድ ትልቅ ሆቴል በረኞችና አስተናጋጆች መቶ ሃያ ኮት ታዞ ነበር። ጨርቁ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሱፍ፣ ሆቴሉ ራሱ አሠርቶ የላከው፣ ገበያ ብትዞሩ መሳዩን የማታገኙት። እኔ ጥግ ላይ ቢላዬን እየሳልኩ ነው። ሰርተፊኬት እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ። ሱሪው ከመጥበቡ የተነሳ እጁን ከኪሱ ለማውጣት ሌላ ስድስት ሳምንት ሥልጠና የሚያስፈልገው ይመስላል።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው? አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች!» አለ።

«ፊት ለፊት ነው ልጄ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው» አሉ ጋሼ።

«ሁልጊዜ! ይሄ ሁልጊዜ እኮ ነው የገደለን። በዘመናዊ ፋብሪካ ጨርቅ ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚነጠፈው። እንከኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥራት ማለት ይሄ ነው።»

«እሱስ ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ወረቀቱም ግራና ቀኝ የያዘ መሆን አለበት።»

«ወረቀቱን ተወው! ወረቀቱ ምን አገባው? እኔ የማወራህ ስለ ጨርቅ ነው።»

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። ጋሼ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ያነጠፉትን አንስተው ጣቃውን እንደ አዲስ ፈቱት። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው የሚሉ ሰው ናቸው፤ የማልወድላቸው ነገር ይህ ብቻ ነው። እስከ ምሳ ሰማንያ ንጣፍ ደራርበው፣ ወረቀቱን ከላይ አልብሰው፣ ሚስታቸውን ሐኪም ቤት ሊያደርሱ ሄዱ።

ከምሳ ስመለስ ክምሩ እየጠበቀኝ ነበር። በደንባችን ከቢላው በፊት ጠርዙን ገልጦ የሚያየው ቆራጩ ነው። ጓንቴን ሳላጠልቅ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ፊት፣ ፊት፣ ፊት፣ ፊት። ሰማንያውም ወደ ላይ። አየሁት። ማንም አልጋረደኝም፣ መብራትም አልጠፋም። ወረቀቱ ላይ የሦስት ኮት ግራ ጎን አለ፤ ብቆርጠው ሁለት መቶ አርባ የግራ ደረት ይወጣል፣ አንድም ቀኝ የለም። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አሰብኩት። ከዚያ ደግሞ ሰርተፊኬትን አሰብኩት፤ እትዬ ፊት ቆሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ እጁ ከኪሱ አልወጣ ብሎት። ሆዴን አንድ ነገር ሞቅ አደረገው። ይዋረድ! አልኩ። ከዚያ የብረት ጓንቴን አጠለቅሁና የኤሌክትሪክ ቢላዬን ማብሪያ ተጫንኩት።

አቆራረጤ ደግሞ ያምር ነበር። መታጠፊያዎቹ ላይ እንኳን ከመስመሩ አልወጣሁም። አሥራ ሁለት ዓመት ስቆርጥ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ አላውቅም፤ ስህተቱ የሰርተፊኬት ብቻ ሆኖ እንዲወጣ ፈልጌ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የተቆረጠው ወደ ስፌት ሲገባ አንዷ ሰፊ «የቀኙ የታለ?» አለች። «አልመጣም፤ አሞት ይሆናል» አለቻት ሌላዋ። ሠላሳ ሴት በሳቅ ፈነዳ። ሰርተፊኬት እየሮጠ መጣ። አንዱን የግራ ደረት አነሳ፣ አገላብጦ አየው፣ ፊቱም በራ። «ይኸው! ሲገለበጥ እኮ ቀኝ ይሆናል!» አለ። አንዱን በፊቱ ሌላውን በጀርባው አድርጎ ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆመ፤ ግማሹ ያበራል፣ ግማሹ አመድ የነካው መስሏል። «በመብራት አይታይም» አለ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «በረኛ ደግሞ የሚቆመው ማታ ማታ ነው።» እኔ ከሳቄ ብዛት ጠረጴዛ ደገፍ አልኩ። ከተወለድኩ እንደዚያች ግማሽ ሰዓት የጣመኝ ነገር የለም። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። አንዱን ቁራጭ በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ አስከሬን ፊት እንደቆመ ሰው ቆመው ነበር።

ደስታዬ አልዋለም። ከሰዓት በኋላ እትዬ አስጠሩኝ።

የእትዬ ቢሮ ወንበሮች ከተገዙ ጀምሮ ላስቲካቸው አልተነሳም፤ ቁጭ ሲሉባቸው ይንጫጫሉ። ጥግ ላይ ራስ የሌለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ቆሟል። ከጎኑ ሰርተፊኬት ተቀምጧል። ከሁለቱ ራስ የሌለው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

እትዬ አንድ ቅጽ ገፋ አደረጉልኝ። «ጨርቅ አንጣፊው በዕድሜ መግፋት የተነሳ የተሰጣቸውን ትእዛዝ ባለመረዳት ጨርቁን አሳስተው አንጥፈዋል፤ የላይኞቹ ንጣፎች ትክክል ስለነበሩ ቆራጯ ስህተቱን ልታይ አልቻለችም» ይላል። ሥሩ የምርት ኃላፊው ፈርሟል። ከሱ ፊርማ በታች የእኔ ስምና አንድ ባዶ መስመር አለ።

«ትእዛዙን የሰጠው እሱ ነው፣ እትዬ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኳቸው።

«እኔ ገበሩን ነው ያልኩት!» አለ ሰርተፊኬት። «ሱፉን ማን አለ?»

እትዬ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። እኚህ ሴት ሞኝ አይደሉም። ሞኝ ቢሆኑ ኖሮ ንቄ እገላገላቸው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ማን እንዳጠፋ መች ጠየቅሁሽ?» አሉ። «እሱንማ አውቀዋለሁ። እኔ የምጠይቅሽ ማን ይሸከመው ነው። ሆቴሉ ጨርቁን ምን እንዳደረግነው የሚገልጽ ወረቀት ይፈልጋል። ልጄን ከባሏ አላፋታትም። ሽማግሌው እንደሆነ መሄጃው ደርሷል።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱ እንደ ውሉ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን አለሰለሱት። «የመቁረጫ ክፍሉን ኃላፊነት ከሚመጣው ወር ጀምሮ ላንቺ አድርጌዋለሁ። ደብዳቤው ይኸውልሽ፣ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው።»

«ባልፈርምስ?»

«ባትፈርሚ የሱ ፊርማ ብቻውን ይበቃኛል። አንቺም እዚያው ባለሽበት ትቀሪያለሽ። እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እኛ ዘንድ አይጡ ኃላፊ ሆኗል፣ ዳዋው ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር ቀርቶታል። አዳራሹ ውስጥ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ጠዋት በሳቅ ያስካኩት ሴቶች ሁሉ አሁን ከንፈር እየመጠጡ «ምስኪን» ይላሉ። ምስኪን ማለት በነፃ ነው። ካውያ የምትተኩሰዋ ብቻ ጠጋ ብላ «አንቺስ ምን ልትዪ ነው?» አለችኝ፤ እሷንም አልወደድኳት፣ ጥያቄው ትክክል ስለነበረ።

እውነቱን ልናገር፤ ወንበሩን ፈልጌዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ፈልጌዋለሁ። ደብዳቤው ላይ ስሜን በማሽን ተጽፎ ሳየው ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ሰርተፊኬት እንዳያይብኝ አጎንብሼ ነው የሸሸግሁት። አለመፈረም ደግሞ ለጋሼ ምንም እንደማይፈይድ እትዬ በግልጽ ነግረውኛል። ቅጹ የቆመው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ «ቆራጯ ልታይ አልቻለችም» በምትለው። እሷን መጣል የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እኔ። አይቼ ነው የቆረጥኩት ካልኩ ጋሼ ይድናሉ፣ ወንበሩም ሥራውም ይሄዳል። ፈርሜ ዝም ካልኩ ወንበሩ የኔ ነው። መሃል የሚባል መንገድ ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት የፈሪ መንገድ ብቻ ነው፣ ሳልፈርም ዝም ማለት።

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መንገድ ላይ ካልሆነ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባል፣ ይህን አልክድበትም። ማታ እራት እንደበላን ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት። ኃላፊነቱ ላይ ስደርስ እጁን እንኳን ሳያደርቅ ስልኩን አነሳና እህቱ ጋ ደወለ። «ሹመቷ መጣላት!» አላት። የእህቱ ጩኸት እኔ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። ይህች ሴት ባለፈው ወር «መቼም ጨርቅ ቆራጭ ናት» ብላ ለጎረቤት ያስተዋወቀችኝ ናት።

«ገና አልፈረምኩም እኮ» አልኩት ስልኩን ሲዘጋ።

«ትፈርሚያለሻ! ሰውዬው እንደሆነ ዛሬም ነገም ወጪ ነው።»

«ቤቱን ይነጠቃሉ።»

«ዘመድ አያጣም።»

«ዘመድ የላቸውም።»

«እና አንቺ የሰው ሁሉ እናት ነሽ?»

«አይቼ ነው የቆረጥኩት» አልኩት።

ሳህኑን አስቀመጠው። «ምኑን?»

«ጠርዙን ገልጬ አይቻለሁ። እያወቅሁ ቆረጥኩት። ሰርተፊኬት ይዋረድ ብዬ።»

ለምን እንዲህ አደረግሽ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ እንኳን ደስ ባለኝ።

«ለሌላ ሰው ተናግረሻል?» አለኝ።

«ኧረ አልተናገርኩም።»

«ጎሽ። እንዳትናገሪ» አለና ወደ ሳህኑ ዞረ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ናቅሁት። ንቀቴ ግን እንደ ወትሮው አላጠገበኝም፤ ከእትዬ ቢሮ ከወጣሁ ጀምሮ ለራሴ ስመክረው የዋልኩት ይህንኑ ነበርና። እሱ ሳህን እያጠበ አለው፣ እኔ ክር እየለቀምኩ።

ጠዋት ወደ እትዬ ቢሮ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በጋሼ ደጅ ነው የሚያልፈው። በረጅሙ ልዞር አስቤ ነበር፣ እግሬ ግን በልማዱ ሄደ። ሚስታቸው፣ እማማ የምንላቸው፣ የመስኮቱን መጋረጃ አውርደው ያጥፋሉ። ጋሼ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ድስቶቹን አንዱን ባንዱ ውስጥ እየከተቱ በገመድ ያስራሉ። ገመዱ የኛው ቤት የጨርቅ ጠርዝ ነው፤ ቋጠሮው እንኳን ልክ አለው።

«ገና ሳይባል፣ ጋሼ?»

«መባሉማ አይቀርም። ቀድሞ መሰብሰብ ይሻላል» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ከገመዱ አነሱ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሱ ገበሩን ነው ያልኩት ይላል። እኔ ደግሞ ሱፉን ያለ ነው የሚመስለኝ። ግን ጆሮዬም ደክሟል። ላዩን ደህና አንጥፌ ሥሩን አበላሽቼው ይሆን? ቅጹ እንደዚያ ይላል አሉ።»

«ጋሼ…»

«ቆይ፣ አስቤ ደርሼበታለሁ። የሚታይ ነገር ቢሆን ኖሮ አንቺ ታስቆሚኝ ነበር። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ጠርዝ ሳትገልጪ ቢላ አታስነሺም። ደግሞም ትእዛዙን ስቀበል ከቢላው በፊት አንቺ አለሽ ብዬ ነው የተቀበልኩት። አንቺ ካላየሽው ተደብቆ ነበር ማለት ነው። የደበቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አርባ ዓመት አገልግሎኝ ዛሬ እጄ ከዳኝ፣ ምን ይደረግ።» መዳፋቸውን ዘርግተው እንደ ሰው ዕቃ አዩት።

«ተወው አሁን፣ ልጅቷን ሥራ አታስፈታት» አሏቸው እማማ ከውስጥ።

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጉዳዩ የሁለት ክፍል ቤት ነበር፤ ቤት ደግሞ ባል እንዳለው ሌላ ይገኛል ብሎ ራስን ማታለል ይቻላል። እኚህ ሰው ግን እኔን ከማመናቸው የተነሳ የራሳቸውን እጅ ሌባ አድርገውት ቁጭ ብለዋል። አፈርኩ። ሰው ስንቅ እንጂ ሳፍር ብዙ ጊዜ ስለማላውቅ መጀመሪያ ሕመም መስሎኝ ነበር።

«ይነሱ፣ ጋሼ። እትዬ ጋ አብረን እንግባ» አልኳቸው።

«እኔ ምን ላደርግ?»

«ይነሱ ብቻ።»

ሰርተፊኬት ዛሬም ከአሻንጉሊቱ አጠገብ ነው። እትዬ እስክሪብቶውን ክዳኑን ከፍተው ቅጹ ላይ አስቀምጠውልኛል፤ ደብዳቤዬም ማኅተሙ ተመትቶበት ከጎኑ አለ። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ስለጠበቀኝ አንድ አፍታ፣ አንድ አፍታ ብቻ፣ እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄደ። ጋሼ በሩ ላይ ኮፍያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ይህ ቅጽ ሐሰት ነው» አልኩ። «የተደበቀ ነገር የለም። ሰማንያውም ንጣፍ ፊቱን ወደ ላይ ነበር፣ እሱ ባዘዘው መሠረት። ጠርዙን ገልጬ አይቻለሁ። ወረቀቱ የግራ ብቻ እንደሆነም አውቃለሁ። አይቼ፣ አውቄ ነው የቆረጥኩት።»

ወንበሩ ጮኸ፤ ሰርተፊኬት ብድግ ብሏል። «ሰማችሁ! እኔ ብዬ ነበር!» አለ። ምን ብሎ እንደነበር ግን ማንም አላወቀም፣ እሱም ጭምር።

«ለምንድነው የቆረጥሽው?» አሉ እትዬ።

«እሱ እንዲዋረድ።»

እትዬ የተቆጡም አይመስሉም። «እንግዲህ ትከሻው ይኸው ተገኘ» አሉና ቅጹን ሁለት ቦታ ቀደዱት። ነጭ ወረቀት ሰጡኝ፤ የተናገርኩትን በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። ሰርተፊኬት ስለሰጠው ትእዛዝ የጻፍኳትን መስመር ግን እትዬ ራሳቸው ሰረዟት። «ይቺ ለሆቴሉ አትጠቅመውም» አሉ። የሹመት ደብዳቤዬን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት፤ እትዬ ማኅተም የተመታበት ወረቀት አይጥሉም፣ ስሙን ለውጠው ለሌላ ሰው ያደርጉታል። «እስከ ምሳ ዕቃሽን ሰብስቢ» አሉኝ። ወደ ጋሼ ዞረው ደግሞ «አንተ ወደ ሥራህ» አሏቸው።

ደረጃውን ስንወርድ ጋሼ ከፊቴ ነበሩ። አልዋሽም፣ ምስጋና ጠብቄ ነበር። ብዙ እንኳን ባይሆን ትከሻዬን መታ መታ እንዲያደርጉኝ፣ «ጎበዝ ልጄ» እንዲሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴን ጥዬላቸው መውረዴ ነው። ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌው ነበር፤ ሠላሳውን ሴት አዳራሹ ውስጥ ሳያቸው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ናቅኋቸው።

«ቤቱ ቤትዎ ነው፣ ጋሼ። ድስቱን ይፍቱት» አልኳቸው ከኋላቸው።

ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ሁለት መቶ አርባው የግራ ደረት በልክ በልኩ ተቆልሎ እዚያው አለ፤ ለምንም ስለማይሆን የሚወስደው አልተገኘም። መዳፋቸውን ክምሩ ላይ አሳረፉ። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፣ አንድ ክር እንኳን አልወጣበትም።

«አየሁት ነው ያልሽው?» አሉኝ ሳያዩኝ።

«አዎ።»

«ጠርዙን ገልጠሽ።»

«አዎ፣ ጋሼ። እሱ እንዲዋረድ ነው እንጂ፣ እርስዎ ላይ ይመጣል ብዬማ…»

«የኔን ተይው» አሉ። «እሱስ አያውቅም። የማያውቅ ሰው ያበላሻል፣ ምን ይደረጋል። አንቺ እኮ ታውቂያለሽ።» ከላይ ያለውን ቁራጭ አነሱት፣ ሊያጥፉት ፈልገው ተዉት፣ መልሰው አስቀመጡትና ያን ጊዜ ዞረው አዩኝ። እንደዚያ አድርገው አይተውኝ አያውቁም። እኔ ሰው ስንቅ የምመለከትበትን አስተያየት አውቀዋለሁ።

«ጨርቁ ምን በደለሽ?» አሉኝ።